የውሃው ዋጋ ሲጨምር፣ የጨመረው ምኑ ነው?

ግልጽ ደብዳቤ

ለአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት
ለአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ሥራ አመራር ቦርድ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ታሪፍ ከመሻሻሉ በፊት የውሃ ወጪ ተለይቶና ተዘርዝሮ ለሕዝብ እንዲቀርብ ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

ይህን የምጽፍላችሁ የውሃ ታሪፍ አይነካ ለማለት አይደለም። ብር በዶላር ፊት እንዲህ በወረደበት፣ የመብራት ሒሳብ በየሩብ ዓመቱ ከፍ በሚልበት ጊዜ ውሃ ብቻ በድሮ ዋጋው ይቆይ የሚል ሰው ወይ ነገሩን አላሰበበትም፣ ወይ ወጪውን ሌላ ሰው እንዲሸፍንለት ይፈልጋል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ወጪ ጨመረ ሲባል የጨመረው ምኑ እንደሆነ፣ በማን ምክንያት እንደጨመረ፣ የቱን ማስቀረት ይቻል እንደነበር ተለይቶ ይነገረን። እስካሁን የምንሰማው ድምሩን ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ ለማምረት ይህን ያህል ይወጣል፣ ከደንበኛው የሚሰበሰበው ይህን ያህል ብቻ ነው፣ ስለዚህ ጉድለቱ ይሞላ። ድምሩ ትክክል ሊሆን ይችላል። ችግሩ ድምር ማንንም ተጠያቂ አለማድረጉ ነው።

የምጽፈው ከአራዳ፣ ከፒያሳ ነው። የአንድን ውሃ አቅራቢ ድርጅት ወጪ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት ነገሮች ሁሉ ከቅዱስ ጊዮርጊስ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ባለው መሬት ላይ ተሰብስበው ስለሚገኙ ሰፈሩ ለማስረጃነት ይመቻል። ዳገቱ አለ። በተለያየ ዘመን በላይ በላዩ የተቀበረ ቧንቧ አለ። ብዙ ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀምበት ግቢ አለ። ፈርሶ እንደ አዲስ የሚሠራ ሰፈርም አለ።

ከዳገቱ ልጀምር። የገፈርሳ ግድብ ከ1930ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ለከተማዋ ውሃ ሲሰጥ ኖሯል፤ ከመሀል ከተማ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ውሃው በራሱ ስበት ይወርዳል። ለገዳዲ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ድሬ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተጨመሩ። ከዚያ ወዲህ ግን ከተማዋ ፊቷን ያዞረችው በአብዛኛው ወደ ጥልቅ ጉድጓድ ነው፤ ከእነዚህም ቀዳሚው አቃቂ ነው። አቃቂ ደግሞ ከፒያሳ ከ300 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። የአዲስ አበባ የውሃ ታሪክ በወጪ ዓይን ሲታይ፣ ወርዶ ከሚመጣ ውሃ ተገፍቶ ወደሚወጣ ውሃ የተደረገ ጉዞ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ምን ያህል ያስወጣል? አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ሺህ ኪሎ ይመዝናል። በ100 ሜትር ከፍ ለማድረግ፣ ፓምፑ ምንም ባያባክን እንኳ፣ 0.27 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል። ከጉድጓዱ የሚሳብበት ጥልቀትና በቧንቧው ውስጥ የሚጠፋው ግፊት ተደምሮ የአቃቂን ውሃ ፒያሳ ለማድረስ 400 ሜትር መግፋት ቢያስፈልግ፣ ወደ 1.1 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። እንዲህ የማያባክን ፓምፕ ግን የለም። ሞተሩና ፓምፑ አንድ ላይ በ65 በመቶ ብቃት ቢሠሩ ፍጆታው ወደ 1.7 ይወጣል። አርጅተው፣ ጥገና አጥተው በ45 በመቶ ቢሠሩ 2.4 ይደርሳል።

እነዚህን ሦስት ቁጥሮች አስተያዩልኝ። 1.1 በአብዛኛው የመልክዓ ምድር ነው፤ ማንም ሥራ አስኪያጅ ብዙ ሊቀንሰው አይችልም። ከ1.1 እስከ 1.7 ያለው ደህና ማሽን ሲሠራ የማይቀር ነው። ከ1.7 እስከ 2.4 ያለው ግን የጥገናና የግዢ ጉዳይ ነው፤ መለዋወጫ በጊዜው አለመገዛቱ፣ ሞተሩ ለቦታው ተስማሚ አለመሆኑ፣ ክትትሉ መላላቱ ነው። በመብራት ሒሳቡ ላይ ሦስቱም አንድ ላይ ተደምረው ይመጣሉ። ታሪፍ ሲጠየቅም አንድ ላይ ተደምረው ይመጣሉ። ለዳገቱ እንክፈል፣ ፍትሐዊ ነው። ላልተጠገነ ፓምፕ ግን ለምን እንክፈል?

በባለሥልጣኑ እጅ ያልሆነ ሌላም ወጪ አለ፤ ሐቁን መናገር ይገባል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ ፓምፕ፣ ሞተር፣ ቫልቭና ቆጣሪ ሁሉ ዋጋው አብሮ ዘለለ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በአራት ዓመት ውስጥ በየሩብ ዓመቱ ደረጃ በደረጃ እንዲያድግ ተወሰነ። ውሃ በፓምፕ ለሚገፋ ድርጅት ይህ ትልቅ ሸክም ነው። በእነዚህ ሁለት ምክንያቶች የመጣውን ጭማሪ የባለሥልጣኑ ስንፍና ማለት ግፍ ይሆናል።

በመሀል ያለ ወጪም አለ። የለገዳዲ ውሃ በክረምት ደፍርሶ ሲመጣ፣ ጭቃውን ለማዘቀጥ ብዙ አሉሚኒየም ሰልፌት ያስፈልጋል። ይህ ኬሚካል በአገር ውስጥ፣ በአዋሽ መልካሳ ይመረታል፤ ቢሆንም መጠኑ በጨመረ ቁጥር ወጪው ይጨምራል። ውሃውን የሚያደፈርሰው ከግድቡ በላይ ያለው መሬት መሸርሸሩ ነው። እርከን ቢሠራ፣ ዳርቻው በሣርና በዛፍ ቢሸፈን ማጣሪያ ጣቢያው ይቀለዋል፤ ደለል የግድቡን ሆድ መሙላቱም ይዘገያል። ነገር ግን መሬቱ ያለው በኦሮሚያ ክልል፣ ማጣሪያውን የሚያስተዳድረው የከተማው ተቋም ነው። እርከን የሚሠራው ገበሬ ከቀነሰው የኬሚካል ወጪ ሳንቲም አይደርሰውም። ስለዚህ ርካሹ መፍትሔ ባለቤት አጥቶ፣ ውዱ መፍትሔ በየዓመቱ በጀት ይያዝለታል። ይህን ሒሳብ አስተካክሎ ከክልሉ ጋር መስማማት የምክር ቤቱ ሥራ እንጂ የማጣሪያ ጣቢያው ባለሙያ ሥራ አይደለም።

አሁን ወደ ቧንቧው እንምጣ። ከሚመረተው ውሃ ከሲሶ በላይ የሚሆነው ገቢ ሳያስገኝ እንደሚቀር ባለሥልጣኑ ራሱ በተለያየ ጊዜ ተናግሯል። ይህ አኃዝ ግን ሁለት የተለያዩ ጥፋቶችን አንድ ላይ አስሮ ይዟል። አንደኛው መሬት ውስጥ የሚፈሰው ውሃ ነው። ሁለተኛው ሰው በእርግጥ የተጠቀመበት፣ ነገር ግን ቆጣሪ ያልቆጠረው፣ ወይም በሕገወጥ መስመር የተወሰደ፣ ወይም በሒሳብ ስህተት የቀረ ነው። መድኃኒታቸው አይገናኝም፤ ለአንዱ ቧንቧ ጠጋኝ ይላካል፣ ለሌላው ቆጣሪ ቀያሪና ኦዲተር። ጉዳታቸውም እኩል አይደለም። ያልተቆጠረው ውሃ ቢያንስ የአንድ ሰው ጥም ቆርጧል። የፈሰሰው ግን ማንንም አልጠቀመም።

በዚህ ላይ የአራዳ ነገር ይጨመራል። ከዝቅታው ተገፍቶ ዳገት ላይ የደረሰ ውሃ ሲፈስ አብሮት የሚፈሰው መብራቱ፣ ኬሚካሉና የሠራተኛው ድካም ነው። ጉድጓዱ አጠገብ የሚፈስ ሊትርና ፒያሳ ላይ የሚፈስ ሊትር በብር እኩል አይደሉም። ስለዚህ የጥገና ቅደም ተከተል መውጣት ያለበት በሚፈሰው መጠን ብቻ ሳይሆን፣ ውሃው እዚያ እስኪደርስ በበላው ወጪ ጭምር ነው። ለዓመታት ስሙ ሲነሣ የኖረው የገርቢ ግድብም ሆነ አዳዲስ ጉድጓዶች አያስፈልጉም አልልም፤ ሕዝቡ እየበዛ ነው። ነገር ግን እንስራው እያፈሰሰ ከሩቅ ምንጭ መቅዳት ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

ውሃ ከቧንቧው አልፎ ግቢ ከገባ በኋላም ሒሳቡ አያበቃም። ደጃች ውቤ ሰፈር ውስጥ አንድ ግቢ ብትገቡ በሩ አጠገብ፣ በሲሚንቶ ሳጥን ውስጥ፣ ብርጭቆው የደበዘዘ ቆጣሪ ታገኛላችሁ። ከጀርባ በብረት ማማ ላይ ጥቁር ሮቶ ተሰቅሏል። በፈረቃ ውሃ ሲመጣ መጀመሪያ የሚደርሰው አየር ነው፤ የቆጣሪው መርፌ በአየሩ ይሽከረከራል። ከዚያ ሮቶው መሙላት ይጀምራል። ሊሞላ ሲል በውስጡ ያለው ተንሳፋፊ ኳስ መግቢያውን ቀስ በቀስ ይዘጋዋል፤ ውሃው እንደ ክር ቀጥኖ ይንጠባጠባል። ያረጀ ቆጣሪ ይህን ቀጭን ፍሰት አያየውም። እንግዲህ በአንድ ግቢ ውስጥ በአንድ ሌሊት ሁለት ስህተት ተፈጸመ ማለት ነው፤ መጀመሪያ ደንበኛው ለአየር ከፈለ፣ ኋላ ድርጅቱ ላወጣው ውሃ ሳይከፈለው ቀረ። ሁለቱንም የወለደው ፈረቃው ነው። ውሃ ሃያ አራት ሰዓት ቢኖር ሮቶ የሚሰቅል ማን ነው?

ፈረቃ ቧንቧውንም ይጎዳል። ባዶ የነበረ መስመር ድንገት ሲሞላ ግፊቱ መጋጠሚያዎችን ይመታል፤ የዛገው ይፈነዳል። መስመሩ ባዶ ሲሆን ደግሞ በስንጥቁ በኩል ከጎኑ ያለው የፍሳሽ እርጥበት ሊገባ ይችላል፤ ከዚያ ተጨማሪ ክሎሪን፣ ተጨማሪ ምርመራ፣ በየቤቱም ማፍላት ይከተላል። ውሃ ለመቆጠብ ተብሎ የሚደረገው ፈረቃ በዚህ መንገድ አዲስ ብክነትና አዲስ ወጪ ይወልዳል። ይህ ወጪ ግን በየትኛውም ሰነድ ላይ «የፈረቃ ወጪ» ተብሎ ሲጻፍ አላየሁም።

ስለ ጋራ ቆጣሪም አንድ ነገር ልበል። ታሪፉ በእርከን የሚያድግ ነው፤ ጥቂት የሚጠቀም በአነስተኛ ዋጋ፣ ብዙ የሚጠቀም በከፍተኛ ዋጋ ይከፍላል። ሐሳቡ ድሃውን ለመደጎም ነው። በአራዳ የቀበሌ ቤቶች ግን አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል እንበል። እያንዳንዱ በወር 6 ሜትር ኩብ ቢጠቀም ቆጣሪው 30 ያነባል። በመዝገቡ ላይ የሚታየው አምስት ቆጣቢ ቤተሰብ ሳይሆን አንድ አባካኝ ደንበኛ ነው፤ ሒሳቡም ወደ ውዱ እርከን ይወጣል። ቪላ ውስጥ ብቻውን የሚኖር ሰው በበኩሉ የድሃውን እርከን ድጎማ ያገኛል። እርከኑን በቤተሰብ ቁጥር ማባዛት የቢሮ ሥራ እንጂ የቢሊዮን ብር ፕሮጀክት አይደለም።

ሌላው ወጪ የሚመጣው ከከተማ ፕላን ነው። የውሃ አቅርቦት ወጪ በአብዛኛው ቧንቧ ውስጥ የተቀበረ ገንዘብ ነው፤ በአንድ ኪሎ ሜትር መስመር ላይ ብዙ ደንበኛ ሲኖር ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ድርሻ ያንሳል። የድሮው ፒያሳ ከነጉስቁልናው ይህ ጥቅም ነበረው፤ ዶሮ ማነቂያና ሠራተኛ ሰፈር ሰው በሰው ላይ የሚኖርባቸው ነበሩ። ሰፈሮቹ ከፈረሱበት ከ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ወዲህ ብዙው የሰፈሩ ነዋሪ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ዳር ሰፈሮች ተዛውሯል። በዚያ አዲስ መስመር፣ አዲስ ማጠራቀሚያ፣ አዲስ ፓምፕ ያስፈልጋል። በመሀል ከተማ ደግሞ የተለየ ዓይነት ደንበኛ፣ ሆቴሉ፣ ቢሮው፣ ንግድ ቤቱ ይመጣል። ይህ ውሳኔ ልክ ነው አይደለም የሚለው የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ አይደለም። የኔ ነጥብ የውሳኔው የውሃ ወጪ በውሃ ታሪፍ ውስጥ ተሸሽጎ ሳይሆን በራሱ ስም ይመዝገብ የሚል ነው። ከተማዋ በሠራችው ፕላን ምክንያት የቧንቧው ርዝመት ለአንድ ደንበኛ እጥፍ ከሆነ፣ የባለሥልጣኑ ሥራ አስኪያጅ አባካኝ ሊባል አይገባም፤ የአራዳ ነዋሪም ያላየውን ቧንቧ በወርሃዊ ሒሳቡ ሊከፍል አይገባም።

የፍሳሹም ነገር እንዲሁ ነው። በ2010 ዓ.ም. ግድም ሥራ የጀመረው አዲሱ የቃሊቲ ማጣሪያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ የማጣራት አቅም አለው፤ ቀድሞ የነበረው 7,500 ገደማ ብቻ ነበር። ማጣሪያው መብራት ይበላል፣ ባለሙያ ይፈልጋል፣ ብድርም አለበት። በዚህ ምክንያት ወጪ ቢጨምር ከብክነት አይቆጠርም፤ ቀበናና ግንፍሌ ወንዞች እንዲጠሩ የምንከፍለው ዋጋ ነው። ሕዝብ ንጹሕ ወንዝ ለማግኘት እንደሚከፍልና ለተሰበረ ቧንቧ እንደሚከፍል ካልተለየለት፣ ሁለቱንም እኩል ይቃወማል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የአገሪቱ የውሃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲ የከተማ ውሃ ታሪፍ ሙሉ ወጪን እንዲመልስ፣ የገጠሩ ደግሞ ቢያንስ የማስኬጃና የጥገና ወጪን እንዲሸፍን ይላል። ተቃውሞ የለኝም። ግን ሙሉ ወጪ ሲባል የትኛው ወጪ ነው? ድርጅቱ ያወጣው ሁሉ ነው ከተባለ፣ ብክነትም በሙሉ ይመለሳል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ቧንቧ የሚጠግንበት ምክንያት አይኖረውም። በሌላ በኩል ታሪፉ ከምርት ወጪ በታች ከተያዘ፣ እያንዳንዱ ተጨማሪ ሜትር ኩብ ኪሳራ ይሆናል። ቧንቧ ጠግኖ ለሕዝብ ብዙ ውሃ ያደረሰ ድርጅት በዓመቱ መጨረሻ የበለጠ ከስሮ ይገኛል። ባለሥልጣኑ ውሃን ከማምረቻ ዋጋው በታች እንደሚሸጥ ደጋግሞ ይናገራል፤ ይህ ከሆነ ችግሩ የገንዘብ እጥረት ብቻ አይደለም፤ ደንበኛን በደንብ ማገልገል ራሱ ቅጣት የሆነበት አሠራር ነው። ታሪፍን ዝም ብሎ ማገድም ዝም ብሎ ማሳደግም ከዚህ ወጥመድ አያወጣም። የሚያወጣው ሊመለስ የሚገባው ወጪ በደንብ የሚሠራ ድርጅት ሊያወጣው የሚገባው ብቻ ነው የሚል ሕግና ያንን የሚመረምር ዓይን ነው።

ያ ዓይን ዛሬ የለም። ለኤሌክትሪክ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የሚባል ተቆጣጣሪ ተቋም አለ። ለከተማ ውሃ ግን አቅራቢው ራሱ ያጠናል፣ ከተማው ያጸድቃል። ባለሥልጣኑ በ1963 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ ይህ ግን አልተለወጠም።

ከሌሎች ምን እንማር? ዩጋንዳ ቅርብ ናት። እ.ኤ.አ. በ1998 የአገሪቱ ብሔራዊ ውሃና ፍሳሽ ኮርፖሬሽን ከሚያመርተው ወደ 60 በመቶው ገቢ አያስገኝም ነበር፤ ለአንድ ሺህ ደንበኛ 36 ያህል ሠራተኛ ነበረው። ዊሊያም ሙሃይርዌ በመሩት ለውጥ በአሥር ዓመት ውስጥ የሠራተኛው ቁጥር ለአንድ ሺህ ደንበኛ ወደ 7 ወረደ፣ ብክነቱም ወደ ሲሶ ተጠጋ። ልብ በሉ፣ ይህ የሆነው ሠራተኛ በመቀነስ ብቻ አይደለም፤ ደንበኛው ከ50 ሺህ ገደማ ተነሥቶ ከ200 ሺህ በላይ ስለደረሰም ነው። መንግሥት ከኮርፖሬሽኑ ጋር፣ ኮርፖሬሽኑም ከየአካባቢው ቅርንጫፍ ጋር በቁጥር የሚለካ ውል ተፈራርመው ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ታሪፉ በየዓመቱ ከዋጋ ንረት፣ ከምንዛሪና ከኤሌክትሪክ ዋጋ ጋር ብቻ እየተሰላ እንዲስተካከል መወሰኑ ነው። ከእጃቸው ውጭ የሆነውን ተጠቃሚው ይጋራል፤ በእጃቸው ያለውን ራሳቸው ይሸከማሉ።

ካምቦዲያም አለች። በዋና ከተማዋ በፕኖም ፔን እ.ኤ.አ. በ1993 ከሚመረተው ውሃ 72 በመቶው ይጠፋ ነበር። ኤክ ሶን ቻን የተባሉት ኃላፊ መረቡን በየክልሉ ከፍለው ለኩ፣ ቆጣሪ ቀየሩ፣ ባለሥልጣንም ሆነ ጄኔራል ሁሉም እንዲከፍል አደረጉ፤ ቆጣሪ ሊያስገቡ የሄዱበት ቤት አንድ ጄኔራል ሽጉጥ እንደደገኑባቸው ይታወቃል። ብክነቱ ወደ 6 በመቶ ወረደ፤ ውሃም ሃያ አራት ሰዓት ሆነ።

እንግሊዝ ደግሞ የማስጠንቀቂያ ትምህርት አላት። እ.ኤ.አ. በ1989 የውሃ ድርጅቶቿን ለግል ባለሀብት ሸጣ ኦፍዋት የሚባል ተቆጣጣሪ አቋቋመች። ዴቪድ ሳል እና ዴቪድ ፓርከር የተባሉ ተመራማሪዎች የድርጅቶቹን ወጪ ሲመረምሩ፣ ሠራተኛ ቢቀነስም አጠቃላይ ምርታማነቱ በሽያጩ ምክንያት እንዳልተሻሻለ፣ ዋጋው ግን ከግብዓት ወጪው በበለጠ እንዳደገ አገኙ። ሆኖም ኦፍዋትም በኋላ ድርጅቶቹ ዕዳ ሲከምሩና ወንዝ ውስጥ ፍሳሽ ሲለቁ አላስቆመም ተብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 እንዲፈርስ መንግሥቱ አስታወቀ። ስለዚህ የግል ይሁን የመንግሥት የሚለው ክርክር ዋናው አይደለም፤ ተቆጣጣሪ ቢሮ ከፍቶ ወንበር መደርደርም ብቻውን አይበቃም። ወሳኙ ምን እንደሚለካ፣ ማን እንደሚያየውና ውጤቱ ምን እንደሚያስከትል ነው።

ክቡራንና ክቡራት፣ ከዚህ በመነሣት አምስት ነገር እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ የሚቀጥለው የታሪፍ ጥናት በሦስት መዝገብ ተከፍሎ ይቅረብ። የመጀመሪያው ከባለሥልጣኑ እጅ ውጭ የሆነው፦ ከፍታ፣ ምንዛሪ፣ የኤሌክትሪክ ዋጋ፣ የጥሬ ውሃው ጥራት። ሁለተኛው በእጁ ያለው፦ የፓምፕ ብቃት፣ የቧንቧ መፍሰስ፣ ቆጣሪ፣ የሒሳብ አሰባሰብ፣ ግዢ። ሦስተኛው ከተማዋ የወሰነችው አዲስ ሥራ፦ ማስፋፊያ፣ የፍሳሽ ማጣሪያ፣ የሰፈር መዛወር። በመጀመሪያው ምክንያት የመጣው ታሪፉን ከፍም ዝቅም ያድርግ። ሦስተኛው በስሙ ተጠርቶ ይከፈልበት። ሁለተኛው ግን በየዓመቱ እንዲቀንስ ግብ ይያዝለት እንጂ ወደ ደንበኛ አይተላለፍ።

ሁለተኛ፣ የየቅርንጫፉ ውጤት በየዓመቱ ይታተም፤ ውሃ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደመጣ፣ የተሰበረ መስመር በስንት ቀን እንደተጠገነ፣ ለአንድ ሜትር ኩብ ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት እንደወጣ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ውዝፍ ስንት እንደሆነ። ቅርንጫፎቹ ሲወዳደሩ ከፍታቸው ይታሰብላቸው፤ ዳገት ላይ ያለው አራዳና ጉለሌ ሜዳ ላይ ካለው አቃቂ ጋር ያለ ማስተካከያ ቢወዳደሩ ፍርዱ ይጣመማል። እንደ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳና አዳማ ካሉ ከተሞች ጋርም ማነጻጸር ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ፒያሳ መሞከሪያ ይሁን። መንገድ በሚቆፈርበትና መስመር በሚቀየርበት ጊዜ ከጊዮርጊስ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ያለው መረብ ራሱን የቻለ ክልል ተደርጎ መግቢያው ላይ ዋና ቆጣሪ ይተከል። የገባው ውሃ ከቤቶቹ ቆጣሪዎች ድምር ጋር ይነጻጸር። ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ሰው ሲተኛ የሚገባው ፍሰት ስንት እንደሚፈስ ይናገራል፤ ለዚህ ግን ሮቶዎች በፈረቃ ሌሊት የማይሞሉበት፣ ውሃ ያለማቋረጥ የሚገኝበት ክልል መሆን አለበት። አስፋልቱ ተነጥፎ ካለቀ በኋላ ይህን ለመሥራት መልሶ መቆፈር ይመጣል፤ ያም ሌላ ወጪ ነው።

አራተኛ፣ በጋራ ቆጣሪ ለሚጠቀሙ ግቢዎች እርከኑ በቤተሰብ ቁጥር ይባዛ። ወረዳው የነዋሪዎቹ መዝገብ አለው።

አምስተኛ፣ ከአቅራቢውም ከከተማው ሥራ አስፈጻሚም ነጻ የሆነ፣ ለምክር ቤቱ በቀጥታ የሚያቀርብ ትንሽ የመርማሪ ቡድን ይቋቋም። ትልቅ ሕንፃና ብዙ መኪና አይፈልግም፤ አንድ መሐንዲስ፣ አንድ የሒሳብ ባለሙያ፣ አንድ የሕግ ባለሙያና መረጃ የማግኘት መብት ይበቁታል። ሪፖርቱ ታሪፉ ከመጽደቁ ቢያንስ ሁለት ወር በፊት ለሕዝብ ይውጣ፤ ስብሰባውም ክፍት ይሁን።

ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱም ለአዲስ ግድብ ከሚወጣው ገንዘብ ጋር የሚወዳደር ወጪ የለውም። አብዛኛው መረጃ በባለሥልጣኑ መዝገብ ውስጥ አለ፤ የመብራት ሒሳቡ በየጣቢያው ይመጣል፣ የቆጣሪ ንባቡ በየወሩ ይገባል፣ የጥገና ጥሪው ይመዘገባል። የጎደለው አብሮ ማስቀመጥና ማሳየት ነው። ባለሙያዎቹን የሚጠቅመውም ይኸው ነው፤ ዛሬ በብር መውረድ የመጣውንም በሰው ቸልታ የመጣውንም ወቀሳ በአንድነት የሚሸከሙት እነሱ ናቸውና።

የታሪፍ ማሻሻያው ሰነድ በጠረጴዛችሁ ላይ ሲቀርብ ሦስቱን መዝገቦች ፈልጉ። ካሉ፣ አንብባችሁ በሙሉ ልብ አጽድቁ፤ እኔም ጭማሪዬን ሳላጉረመርም እከፍላለሁ። ከሌሉ፣ ሰነዱን ወደመጣበት መልሱት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የአራዳ ክፍለ ከተማ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር
ለአራዳ ክፍለ ከተማ አስተዳደር
አዲስ አበባ